ሪቮልቨር ወይስ ባለ ካርታ ሽጉጥ፦ ወጣት ሠልጣኞችን በየትኛው እንጀምር?

ጥያቄ፦ «የአዳማው አሠልጣኝ»

ጡረታ የወጣሁ ወታደር ስሆን፣ አሁን አዳማ ውስጥ የጥበቃና የአጀባ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ባለፈው ወር ፈቃድ ባገኘንበት የተኩስ ሜዳ ሁለት ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ አንዱ ስድስት ጥይት በሚሽከረከር ከበሮው የሚጎርስ ባለ .38 ሪቮልቨር፣ ሌላው ማካሮቭ የተባለው ባለ ካርታ ሽጉጥ፤ ካርታ የምንለው እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት መያዣ ነው። ሠልጣኞቹ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከሃያ አምስት ያልዘለለ ነውና ሁሉም ወደ ማካሮቩ ተሽቀዳደሙ። አንዱ ሪቮልቨሩን አንሥቶ፣ ከበሮውን እያሽከረከረ፣ «ጋሼ፣ ይህማ የካውቦይ ነው» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ በእርሱ ዕድሜ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ያንኑ ልጅ ጠርቼ፣ እርሱ ሳያይ ከስድስቱ ጉድጓዶች አራቱን ጥይት፣ ሁለቱን ባዶ ቀለህ አጎረስኩና ከበሮውን አሽከርክሬ፣ ዘግቼ ሰጠሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ሲተኮሱ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስል ነበር፤ በሦስተኛው መዶሻው ባዶውን ቀለህ ሲመታ ግን፣ ድምፅም ግፊትም ሳይኖር፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ጎነበሰ። ልጁ ቃታ በሳበ ቁጥር፣ ገና ጥይቱ ሳይወጣ፣ ሽጉጡን እየደፈቀው እንደነበር በዓይኑ አየ። ይህንኑ ስሕተት በቃል ስነግረው ሦስት ቀን ሙሉ አልተቀበለኝም ነበር።

ለአንድ ሠልጣኝ የምንመድበው ጥይት ጥቂት ነው። ከዚያችው ከጥቂቷ ከፍለን በሪቮልቨር ብንጀምር ይሻላል፣ ወይስ ወጣቶቹ እንደሚሉት በሥራ ላይ በማይዙት መሣሪያ ጊዜ ማባከን ነው?

መልስ፦ «ጠጋኙ ከሐዋሳ»

ዕድሜዬን በመሣሪያ ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ከቃታው ልጀምር። መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ሳይስቡ ሪቮልቨር ለመተኮስ፣ ቃታው አምስት ኪሎ ግራም የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል፤ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን በአንድ ጣት ማንጠልጠል ማለት ነው። ያን ክብደት አፈሙዙ ሳይነቃነቅ እስከ መጨረሻው መሳብ የቻለ ጣት በሌላ መሣሪያ ላይ አይቸገርም። መዶሻውን አስቀድመው ከሳቡት ግን ቃታው በጣም ስለሚቀል፣ ሠልጣኞችዎ በዚያ መንገድ ብቻ እንዳይለማመዱ ይጠንቀቁ፤ ኢላማውን ይመታሉ፣ ነገር ግን ምንም አይማሩም።

ወጣቶቹ ልብ ያላሉት ነገር ደግሞ አለ። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበሉት ማካሮቭ ስምንት ጥይት የሚይዝ ባለ ካርታ ሽጉጥ ቢሆንም፣ ተቀባብሎ በሴፍቲው መዶሻው ከወረደ በኋላ የሚተኮሰው የመጀመሪያው ጥይት እንደ ሪቮልቨር ከባድ ስበት ይጠይቃል፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ይቀላል። ስለዚህ በማካሮቭ የመጀመሪያዋን ጥይት የሚስት ጥበቃ፣ የሳተው የናቀውን የሪቮልቨር ትምህርት ስላልተማረ ነው።

ይሁን እንጂ «ሪቮልቨር አይነክስም»፣ ማለትም ተኩስ ላይ አይጣበቅም፣ የሚሉትን አባባል እኔ አልቀበለውም። ቀለሁን በሚያስወጣው ኮከብ መሰል ብረት ሥር ያልነደደ ባሩድ ከተጠራቀመ ከበሮው አልዘጋም ወይም አልዞርም ይላል፤ እንዲህ ሲሆን ነገሩ የጠጋኝ ሥራ ነው። ባለ ካርታው ቢነክስ ግን ካርታውን ከሥር መታ አድርጎ እንደገና በማቀባበል ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ይስተካከላል።

መልስ፦ «ካውቦይ ያልኩት እኔ ነኝ»

መምህር፣ ስሜን ስላልጠቀሱ አመሰግናለሁ፤ አፈሙዙ መጎንበሱንም አልክድም። የእኛ ምርጫ ከፊልምና ከጌም የመጣ ነው ቢባልም ግማሽ እውነት አለው፤ የቱርክ ሽጉጥ የሚባለውንም ያወቅነው በኮንትሮባንድ ተያዘ ከሚል ዜና ነው። ነገር ግን ሪቮልቨርን የተዉት ወጣቶች ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካዋ ማያሚ ስምንት የኤፍ.ቢ.አይ. (የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ) መርማሪዎች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለቱ ሲሞቱ አምስቱ ቆስለዋል፤ ከመርማሪዎቹ የሚበዙት ሪቮልቨር የያዙ ሲሆኑ፣ አንዱ የእርሱን እየሞላ ሳለ እጁን ተመቷል። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ባለ ካርታው ዞረ፤ የኒውዮርክ ፖሊስም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንኑ መንገድ ተከተለ። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17 አሥራ ሰባት ጥይት በአንድ ካርታ ይይዛል፤ የባንክ ገንዘብ ለሚያጅብ ሰው በስድስትና በአሥራ ሰባት መካከል ያለው ልዩነት የምርጫ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

መልስ፦ «ጠጋኙ ከሐዋሳ»

ልጄ፣ ታሪኩን በሚገባ አውቀኸዋል፤ ይሁንና የማያሚውን ተኩስ የጨረሰው ክንዱን ክፉኛ የቆሰለ መርማሪ በአንድ እጁ የተኮሰው ሪቮልቨር ነበር። በሙላት ፍጥነትም ቢሆን ጄሪ ሚኩሌክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ስድስት ተኩሶ፣ ሞልቶ፣ ስድስት ለመድገም የፈጀበት 2.99 ሰከንድ ነው። እርግጥ እንደ እርሱ የሚሞላ ጥበቃ እኔ አላየሁም፤ በጥይት ብዛቱ ክርክር አሸንፈሃል።

መልስ፦ «ጥበቃ ነኝ፣ ሴት ነኝ»

ስለ ማቀባበል ማንም አላነሣም። ሥልጠና ስጀምር ባለ ካርታውን ሽጉጥ ማቀባበል አቅቶኝ ወንዶቹ ሲስቁብኝ፣ ሪቮልቨሩ ግን ገልብጦ ማጉረስ ብቻ ስለነበር ከእነርሱ ቀድሜ ለተኩስ እደርስ ነበር። በኋላ አንዲት አሠልጣኝ በሁለት ጣት መቆንጠጡን ትቼ፣ የላይኛውን ብረት በሙሉ መዳፌ ጨብጬ፣ ሽጉጡን በሌላው እጄ ወደ ፊት እንድገፋ አሳየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ችግሩ ቀርቷል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለርክክብ ካርታውን አውጥቶ «ባዶ ነው» ካለ በኋላ ቃታውን ሲስብ፣ ቀደም ሲል ተቀባብላ ከአፈሙዙ ግርጌ የቀረችው ጥይት ባርቃ የአሸዋ ከረጢቱ ውስጥ ተቀበረች። ከረጢቱ ባይኖር ኖሮ በዚያ በኩል የሻይ ቤት ደጃፍ ነበር። ሪቮልቨር ከበሮው ሲገለበጥ ስድስቱም ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ስለሚታይ እንዲህ ያለ ስሕተት ለመሥራት አይመችም። ባለ ካርታው ግን ካርታው ከወጣ በኋላ እንደገና ተቀባብሎ፣ በዓይን ታይቶ፣ በጣትም ተዳስሶ ነው ባዶ የሚባለው።

ምላሽ፦ «የአዳማው አሠልጣኝ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሪቮልቨሩን በስድስት ባዶ ቀለህ ብቻ፣ ያለ አንዳች ጥይት፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው እንዲስቡት አደርጋለሁ፤ ሳንቲሙ ሳይወድቅ አሥር ጊዜ የሳበ ወደ ማካሮቭ ይሻገራል፣ የተመደበለት ጥይትም በሙሉ በዚያው ላይ ይውላል። የርክክቡን ነገር ደግሞ ከነገ ጀምሮ አስገባዋለሁ። ካውቦዩ ሳንቲም ይዞ ይምጣ።