ከቡለን ቀዳዳ የተነሳ የንፋስ መከላከያ ስንጥቅ

ጠያቂ፣ ከሐዋሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁትን የንፋስ መከላከያ በ150 ሲሲ ሞተሬ ላይ ካሰርኩት ገና ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ከግራው የታችኛ ቡለን ቀዳዳ የተነሳ ስንጥቅ አየሁበት፤ አሁን አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል። ድንጋይ አልመታውም፣ ሞተሩም አልወደቀም። በኮረኮንች መንገድ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ቡለኖቹን ደጋግሜ አጥብቄያለሁ፤ እንዳይላሉም የቡለን ማጣበቂያ ጠብ አድርጌባቸዋለሁ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የእኔ? በሱፐር ግሉ ባጣብቀውስ ይይዛል?

መልስ፣ የጋራዥ ባለሙያ፦
ስንጥቁ ከቀዳዳው መነሳቱ ብዙ ይናገራል። ርካሹ መከላከያ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሊክ ደግሞ በሙቀት ከብረት ይልቅ እጅግ የሚለጠጥ በመሆኑ፣ 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ቀዳዳው በቡለኑ ልክ ከሆነና ዳዶው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ መሄጃ ያጣው ፕላስቲክ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይተረተራል። እስቲ ይፍቱትና የጎማ ሮንዴላ በሁለቱም በኩል መኖሩን ይመልከቱ።

ሌላ መልስ፦
እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ማጣበቂያውን ነው። ለብረት የተሠራ የቡለን ማጣበቂያ አክሪሊክንም ሆነ ሌላውን የመከላከያ ፕላስቲክ፣ ፖሊካርቦኔትን፣ ስለሚያጠቃ፣ ውጥረት ባለበት ቦታ ከነካው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀጭን መሰነጣጠቅ ያመጣል። ቤንዚንም እንዲሁ ነው፤ በቤንዚን የራሰ ጨርቅ መከላከያ የሚወለውሉ ሰዎች ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። መላላቱን ከፈሩ፣ ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ይበቃል።

ጠያቂ፦
ፈታሁት። በግራ በኩል ጎማ የለም፤ ቡለኑም እየታከከ ነው የወጣው። በቀዳዳው ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ልክ እንደተባለው ናቸው።

የጋራዥ ባለሙያው፦
እንግዲያው ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ሱፐር ግሉ ራሱ ስለሚደርቅና ስለሚሰበር ንዝረቱን አይችልም፤ ዙሪያውንም ያነጣዋል። ለጊዜው ስንጥቁ የቆመበትን ጫፍ በደንብ ለይተው፣ ከሥሩ እንጨት ደግፈው፣ በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ትራፓኖውን በዝግታ እያዞሩ ይብሱት፤ ክቡ ቀዳዳ በጫፉ የተከማቸውን ውጥረት ስለሚበትነው ስንጥቁ ወደፊት እንዳይሄድ ያግዛል። ቀዳዳው ልክ ጫፉ ላይ ካላረፈ ግን መብሳቱ ከንቱ ድካም ነው።

ሌላ መልስ፦
መብሳቱ ጊዜ መግዣ ብቻ መሆኑን ልጨምር። የቡለኑ ቀዳዳ ዙሪያ በማጣበቂያ የተጎዳ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሲጓዙ ቁራጩ ተገንጥሎ አንገትዎን ሊመታ ይችላል፤ እኔ ብሆን እስክቀይረው ድረስ አውልቄው እነዳለሁ። አዲሱ ፖሊካርቦኔት ቢሆን ለምት ይሻላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጫራል፣ ከቤንዚንም ይበልጥ ሊጠነቀቁለት ይገባል። ከማሰርዎ በፊት ለ5 ሚሊሜትሩ ቡለን ቀዳዳውን ወደ 7 ሚሊሜትር ያስፉት፤ ዳዶውንም የጎማው ሮንዴላ ጥቂት ጫን ሲል ያቁሙት።