ጊንኮ ለእናት ለአባት፦ እንላክ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ «ለማስታወስ ይረዳል» የተባለ፣ ከጊንኮ ዛፍ ቅጠል የተሠራ ክኒን አይጠፋም። ወላጆቻችንን ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል ብሎ መላክ ተገቢ ነው? ሐሳብ ስጡ፤ ስድብ አይፈቀድም።

የደሴዋ፦ እኔ እልካለሁ። ቅጠል ምን ይጎዳል? ጀርመን አገር እኮ ሐኪም ያዝዘዋል። እናቴ ከጀመረች ወዲህ የልጅ ልጆቿን ስም አታምታታም።

ፋርማሲስቷ፦ እህቴ፣ ጀርመን የሚታዘዘው ሕመሙ ለጀመራቸው ነው። እኛ የምንከራከረው ስለ መከላከል ነው፣ እሱ ደግሞ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3,069 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን 120 ሚሊግራም ጊንኮ በቀን ሁለቴ ወሰደ፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን። ስድስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጊንኮ የወሰዱት በበሽታው ከመያዝ አልዳኑም። ፈረንሳይም ለአምስት ዓመት ተሞክሮ ያው ሆነ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ፈረንጅ ያልመሰከረለት ሁሉ ከንቱ ነው? ዳማከሴን ማን ፈትኖልን ነው ያደግንበት? ለአልዛይመር፣ ለመርሳት በሽታው ማለቴ ነው፣ የሚሰጠው ጋላንታሚንስ ከአበባ አይደለም የወጣው?

ፋርማሲስቷ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ከአበባ ነው። ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው አሜሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው። እሱም ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያስቀርም። የሻንጣው ጊንኮ ግን በ1994ቱ የአሜሪካ ሕግ እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጠር ይሠራል አይሠራም ሳይባል ነው ገበያ የሚወጣው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስዱ አዛውንት መጥተው «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስላቸው «የለም» ይሉኛል። ልጃቸው ናት ከቦርሳው ጊንኮውን የምታወጣው። «ይሄማ ቫይታሚን ነው» ይላሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ደም የመፍሰስ አደጋ ሊጨምር ይችላል፤ ሐኪማቸው ደግሞ አልሰማም።

ነርስ ከጎንደር፦ እኔ የምጨምረው፣ «ጃጁ» ተብለው ከሚመጡት መካከል የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ያለባቸው አሉ፤ ይታከማል። ጆሯቸው የደከመም አለ፤ ያልሰሙትን ረሱት እንላለን። ለክኒኑ የሚወጣው ዶላር ለምርመራ፣ ለግፊትና ለስኳር ክትትል ቢውል ምናለ!

የደሴዋ፦ እናቴ ግፊት አለባት፣ አስፕሪንም ትወስዳለች። እሱም ያሰጋል?

ፋርማሲስቷ፦ ያሰጋል። ሁለቱንም ይዛ ሐኪሟ ጋ ትሂድ፤ አስፕሪኑን ግን በራሷ እንዳታቆም።

ጡረተኛው መምህር፦ ስለ ደሙ የተባለውን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጊንኮ የቻይና ዛፍ ነው፤ የኛዎቹ ዕፅዋት ገና በዚያ ልክ አልተፈተኑም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጀት ተመድቦላቸው ይፈትኑልን እንጂ ከወዲሁ «አይሠራም» አትበሉን።