ቲቪው ላፕቶፑን አያየውም፤ ስልኬ ግን ያየዋል

የልደታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የታላቅ እህቴን ሰርግ ከቪዲዮ ካሴት አስገልብጬ ኡቡንቱ ያለበት ላፕቶፕ ላይ አስቀምጫለሁ። እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ በቲቪው እንድታየው ሚኒዲኤልኤንኤ የሚባል፣ ቪዲዮን በቤት ኔትወርክ ለቲቪ የሚያቀርብ ፕሮግራም ጫንኩ። የኢንተርኔቱ ራውተር መኝታ ቤት ነው፤ ላፕቶፑም እሱ ላይ በኬብል ተሰክቷል። ዋይፋዩ ሳሎን ስለማይደርስ እዚያ ሌላ ራውተር አለ። ቲቪው የተያያዘው ከሳሎኑ ጋር ነው።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። በሳሎኑ ዋይፋይ ሆኜ ስልኬ ላይ 192.168.1.5:8200 ብዬ ስጽፍ የሚኒዲኤልኤንኤው ገጽ ይከፈታል። የቪዲዮዎቹን ብዛት ሁሉ ያሳየኛል። ቲቪው ላይ ግን ኤችዲኤምአይ እና ዩኤስቢ ብቻ ነው የሚታየው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ለምን አያገኘውም?

ካዛንቺስ_ነኝ
ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ቲቪው ጀርባ ሰኪው፣ አለቀ። ፋይሉ ከ4 ጊጋ ከበለጠ ግን ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ እንዳይሆን፤ እሱ ያን ያህል ትልቅ ፋይል አይቀበልም።

መስመር_ዘርጊ
እህቴ፣ ፍላሹም ይሠራል። ግን የቤትሽን ኔትወርክ ማስተካከሉ ይሻልሻል፤ ነገ ሌላ ቪዲዮ ስትጨምሪ ፍላሽ ይዘሽ አትመላለሽም።

ለስልክሽ አድራሻውን የነገርሽው አንቺ ነሽ። ለቲቪው የሚነግረው የለም፤ ተጣርቶ ነው የሚያገኘው። ጎረቤትን በአጥር በኩል «ቡና ጠጡ» ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ድምፁ የደረሰው ይመልሳል። ቲቪው 239.255.255.250 ወደሚባል የጋራ አድራሻ፣ በዩዲፒ ፖርት 1900፣ ኤም-ሰርች የሚባል አጭር መልእክት ይለቃል፤ «ሚዲያ ሰርቨር አለ?» ማለቱ ነው። ሚኒዲኤልኤንኤ ከሰማ ለቲቪው ለይቶ ይመልሳል። መልሱ ውስጥ ሎኬሽን የሚል መስመር አለ። እሱ ያንኑ 192.168.1.5:8200 ላይ ያለ የኤክስኤምኤል ፋይል ይጠቁማል። ቲቪው ፋይሉን አውርዶ የሰርቨሩን ስም፣ ምስሉንና የቪዲዮዎቹን ዝርዝር የት እንደሚጠይቅ ያነባል። ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ኤችቲቲፒ ነው፤ ስልክሽ ገጹን የከፈተበት መንገድ ማለት ነው።

አንቺ ጋ የተቋረጠው ጥሪው ነው። የቲቪውን አይፒ እዪው። በ192.168.1 ካልጀመረ የሳሎኑ ራውተር በዋን ቀዳዳው (ኢንተርኔት በሚገባበት) ተሰክቶ የራሱን ኔትወርክ ሠርቷል ማለት ነው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚሄድ ተራ ትራፊክ ያሳልፋል፤ ስልክሽ የከፈተው ለዚህ ነው። የጋራ ጥሪን ግን የቤት ራውተር ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አያሻግርም።

ላፕቶፑን አትንኪው። የሳሎኑ ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ኤፒ ሞድ የሚል ካለ እሱን ምረጪ፤ ራውተሩ የራሱን ኔትወርክ ሳይሠራ ዋይፋዩን ብቻ እንዲያሰራጭ ያደርገዋል። ከሌለ ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎች አይፒ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፊ፣ የራሱን አይፒ ማንም ያልያዘው የ192.168.1 አድራሻ አድርጊው፣ ከዚያ ኬብሉን ከዋን ነቅለሽ ላን (የቤት መሣሪያዎች የሚሰኩበት ቀዳዳ) ላይ ሰኪው። ቅደም ተከተሉን አደራ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ላን ላይ ከሰካሽው ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምሩና የቤቱ ኢንተርኔት ሁሉ ይረበሻል።

የልደታዋ
ተባረክ! ኤፒ ሞድ ነበረው። የላፕቶፑ ስም ወዲያው ቲቪው ላይ ብቅ አለ፤ እማዬም ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ አየች። ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ቲቪውን አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል።

መስመር_ዘርጊ
ግማሽ ሰዓት ማለትሽ በጣም ጠቀመኝ። ሰርቨሩም ሳይጠየቅ በየጊዜው «አለሁ» ይላል፤ ሚኒዲኤልኤንኤ ሴቲንጉ ካልተነካ በየ895 ሰከንዱ። መልእክቱ 1800 ሰከንድ፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚያገለግለው። በዚያ ውስጥ ሌላ ካልሰማ ቲቪው ስሙን ይሰርዘዋል። ሲበራ የሚመለሰው ራሱ እንደገና ስለሚጣራ ነው። ስለዚህ የላፕቶፑ «አለሁ» መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

ሁለቱም ራውተሮች ላይ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚል ፈልጊና አጥፊው። እሱ የጋራ መልእክት ለሚፈልገው ብቻ እንዲደርስ የሚያጣራ ነው፤ አንዳንድ ራውተር ላይ ግን ቲቪው አድማጭ መሆኑን ይረሳዋል። ላፕቶፑም ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አድርጊው፤ ከተኛ «አለሁ» የሚለው የለም።