«ትጥቅ አስፈታው» ስለተባለው ሥዕል

የጮቄ ልጅ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ እንግዳ ባሕር ዳር ስለተሰቀለው ሥዕል ሲያወራ «ሰዓሊው የጎጃምን ወንድ ትጥቅ አስፈታው» አለና እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ያያችሁት ታውቁታላችሁ፤ ቁምጣ የለበሰ ገበሬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ልጁ ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ዙሪያው አደይ በአደይ። ዱላ የለ፣ ምንሽር የለ። ልጅ ማስተኛት ከመቼ ወዲህ ነው ትጥቅ መፍታት የሆነው?

ደጀን በር፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ጎጃሜ ያለ ዱላ ገበያ እንኳ አይወጣም። አበባ ውስጥ ጎልቶት «ይኸው ወንድ» ማለት ከፈረንጅ የተቀዳ ነው።

ብሩሽ፦ ፈረንጅን ካነሳህ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ሰዓሊ ኬሂንዴ ዋይሊ በፈረንጅ 2018 ይፋ የሆነውን የኦባማን ሥዕል ሲሠራ ሰውየውን ቅጠልና አበባ መሃል ነው ያስቀመጠው። አበባው ደግሞ የቺካጎ፣ የሃዋይና የኬንያ ነው፤ የመጣበትን አገር መቁጠሩ ነው። በፈረንጅ 2005 ደግሞ የፈረንሳዩ ሰዓሊ ዳቪድ ፈረስ ላይ የሣለውን ናፖሊዮን አውርዶ ወታደርማ ልብስ የለበሰ ጥቁር ጎረምሳ አወጣበት። ፈረሱ የማን ነው ማለቱ እኮ ነው።

ደጀን በር፦ ኦባማ የየት ጎጃም ነው? የቢቸና ወይስ የሞጣ?

የማርቆስ ልጅ፦ ሃሃሃ። አባቴ ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት የተነሳው እስካሁን ግድግዳችን ላይ አለ። ጎፈሬው ተበጥሮ፣ በአንድ ጎኑ የፕላስቲክ አበባ፣ እጁ ላይ ሰዓት። ሰዓቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ ተነስቶ ሲያበቃ ፈትቶ መለሰ። ትጥቁን ማን አስፈታው እንበል?

ደጀን በር፦ አባትሽን አከብራለሁ፤ ግን ፎቶ ሌላ፣ ሥዕል ሌላ። ትጥቅ ያልኩትም ጠመንጃ ብቻ አይደለም።

የጮቄ ልጅ፦ አንተ አላልክም፣ ሰውየው ነው ያለው። ደግሞ ጠመንጃ ካልሆነ ምንድን ነው?

ደጀን በር፦ ግርማ።

ብሩሽ፦ ግርማ ከሆነማ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግባና ግድግዳውን እይ። በድሮው አሣሣል ጻድቁ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን፣ ባንድ ዓይን። ይህ ገበሬም ፊት ለፊት ነው የሚያየን።

ደጀን በር፦ ጊዮርጊስስ? በሉ እሱንም ጦሩን ቀሙት!

የሞጣው፦ እንቁጣጣሽ ላይ አበባ ሥሎ በየቤቱ የሚያዞረው ማነው? ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፣ ሥዕሉን የሚይዘው ወንድ ልጅ ነው። ደጀን በር፣ አንተ ሳንቲም አልለቀምክበትም?

ደጀን በር፦ ለቅሜያለሁ። ልጅ ነበርኩ።

የሞጣው፦ ሥዕሉ ላይ የተኛውም ልጅ ነው።

ደጀን በር፦ አባቱን ነው ያልኩህ! ይልቅ ቁምጣውን አይታችኋል? ሰማያዊ ነው። የጎጃም ቁምጣ አረንጓዴ መሆኑን ያላወቀ ሰዓሊ ስለ ጎጃም ወንድ ምን ሊነግረኝ ነው?

የማርቆስ ልጅ፦ አረንጓዴ ነው እኮ። ስልክህ ነው።

ደጀን በር፦ ስልኬ ምንም አልሆነም።

ብሩሽ፦ ነጠላው ጥላ ጥሎበት ነው እንጂ አረንጓዴ ነው፤ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ደጀን በር፦ የቱ ነጠላ? እሱ ጋቢ ነው!