ሰፈራችን ያለውን ጥድ የጨረሰው ጣሊያን ነው?

የአሸዋ ሜዳዋ፦ ሰላም ናችሁ? ታናሽ ወንድሜ «ቅኝ ግዛትና የደን መመናመን» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶታል። ቡራዩ ነን፤ ቀና ስንል የሚታየን ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። አባባ «ጥዱን ጣሊያን ነው የፈጀው» ይላሉ። እውነት ነው?

አጣና ነጋዴው፦ እህቴ፣ አባባን ይቅርታ ጠይቂልኝና አይመስለኝም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ያኔ የእንጦጦ ጥድ አልቆ ባሕር ዛፍ ወርሶታል። ከተማዋ ስትቆረቆር ቤቱም አጥሩም ምጣዱም እንጨት ነው የሚፈልገው። ምኒልክ ማገዶ ቢቸግራቸው ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ነበር እኮ! እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ኋላ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ጥድ ከተቆረጠ ቀረ። የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን ክረምት ሲገባ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ ቀጫጫውን ትመለምያለሽ፣ ቀጥ ያለውን ትተያለሽ፣ በጥቂት ዓመት ማገር ይወጣዋል። እኔም እንጀራዬ እሱው ነው፣ ውሃ ይመጥጣል ብላችሁ ብትሰድቡኝም።

ሰበታ፦ ጣሊያንን ነጻ አወጣኸው በለኛ!

አጣና ነጋዴው፦ ምን በወጣኝ! አምስት ዓመት ሙሉ መንገድና ካምፕ ሲሠራ ግንዱን ከሰማይ አላወረደም። ግን የልጁ ርዕስ ቅኝ ግዛት ከሆነ ሕንድን ይጻፍ። እንግሊዞች ከ1853 ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ ከሥሩ የሚነጠፈው ሳልና ቲክ የሚባሉ ዛፎች ግንድ፣ ከሂማላያ ደግሞ ዲኦዳር የሚሉት ዛፍ ነበር። እንጨቱ እንዳያልቅባቸው ሲፈሩ በ1864 የደን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ኃላፊ ዲትሪክ ብራንዲስ የሚባል ጀርመናዊ ነው። በ1878 ሕግ ወጣና ገበሬው ከብት ሲያሰማራበት፣ ጭራሮ ሲለቅምበት የኖረው ጫካ «የመንግሥት» ተባለ። በ1921 በሂማላያ ያለው የኩማዖን አገር ሰዎች ተነሥተው ያንኑ ደን እሳት ለቀቁበት። ቆራጩም ጠባቂው ያው አንድ ሰው ሲሆን እንዲህ ነው።

ሰበታ፦ ይሄ እንኳ ልክ ነው። ልጁ ጥድ ማየት ካማረው መናገሻ ሱባ ውሰጂው። ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት ነው ይባላል።

የአሸዋ ሜዳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዓመቶቹ በእኛ ናቸው በፈረንጅ?

አጣና ነጋዴው፦ የሕንዱ በፈረንጅ፣ የጣሊያኑ በእኛ። መምህሩ እንዳያምታታው አጠገቡ ይጻፍበት።