ፋይሉን ማን ዘጋው?

ቶሳ ማዶ፦ ትናንት ማታ ፒፕቦይ ደሴ ስለ ፎልአውት ጌም የኑክሌር ጦርነት እዚህ የለጠፋትን አንብቤ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው። ቃል በቃል ላምጣት (ቮልት ቴክ በጌሙ ቮልት የሚባሉትን የምድር ውስጥ መጠለያዎች የሚሠራው ኩባንያ ነው)፦ «የመጀመሪያውን ቦምብ የጣለው ቮልት ቴክ ነው። ተከታታይ ፊልሙ በግልጽ ነግሮናል። ፋይሉ ተዘግቷል።» ማን ዘጋው? የመጀመሪያው ፎልአውት ከወጣበት ከ1997 እ.አ.አ. ጀምሮ ማን ቀድሞ እንደተኮሰ የነገረን ጌም የለም። ጥቅምት 23 ቀን 2077 እ.አ.አ. ዓለም በሁለት ሰዓት ውስጥ ነደደች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ተርሚናል (የዚያ ዘመን ኮምፒውተር)፣ ካሴትና አጥንት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እሱን ስንፈለፍል የኖርነው መልሱ በእጃችን ስላልተሰጠን ነው። ስብሰባ ላይ የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ የምትዘጋው ከሆነ ለምን ለፋን?

ፒፕቦይ ደሴ፦ አያ ቶሳ፣ ብያለሁ፣ አልክድም። ሲዝን አንድ፣ ኤፒሶድ ስምንት። የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ውጤቱን በምን ታረጋግጡልናላችሁ ሲሉ፣ የቮልት ቴኳ ባርብ ሃዋርድ ቦምቡን ራሳችን እንጥለዋለን አለች። ባሏ ኩፐር በገዛ ጆሮው ሰማት። ሌላ ምን ይምጣልህ? ፈርመው ያምጡልህ?

የቦርከና ልጅ፦ አለች እንጂ አደረገች የት አለ? እገድልሃለሁ ያለ ሁሉ በነፍስ ግድያ አይከሰስም።

እመት ሐይቅ፦ ስለዚች ሴት እኔም ልናገር። ቦምቡ ሲወድቅ ልጇ ጃኔይ የት ነበረች? ሎስ አንጀለስ፣ የሰው ልጅ ልደት ላይ፣ ከአባቷ ጋር፣ ደጅ። አባትየው ፈረስ ላይ አፈናጥጦ ነው ይዟት የሮጠው። ቦምቡን የሚጥለው የእናትየው መሥሪያ ቤት ከሆነ ቀኑን ታውቀዋለች ማለት ነው። ያን ቀን ልጇን ከቮልት ውጭ የምትተው እናት አሳዩኝና አምናለሁ።

ፒፕቦይ ደሴ፦ እመት፣ ባርብ የመጨረሻዋ አለቃ አይደለችም። ከሷ በላይ ያሉት ቀኑን ላይነግሯት ይችላሉ።

ቶሳ ማዶ፦ በአላህ አንብቡልኝ! «ላይነግሯት ይችላሉ»። ትናንት የተዘጋ ፋይል ውስጥ ዛሬ «ይችላሉ» ምን ይሠራል?

ወረኢሉ፦ ቶሳ፣ ቆይ። ላንተ ብዬ ስህተት አላልፍም። «የነገረን ጌም የለም» ብለሃል። ፎልአውት 2 ላይ ፕሬዚዳንት ሪቻርድሰን ፊት ቀርበህ ብትጠይቀው፣ እያሸነፍን ሳለ ቀዮቹ ያላቸውን ሁሉ ለቀቁብን፣ የኛን ሚሳኤል ያስነሳነው ለጥቂት ነው ይልሃል። ቀዮቹ ማለት ቻይና ናት። ይህ 1998 ላይ የወጣ ጌም ነው። የመጀመሪያውን ጌም የመራው ቲም ኬይንም ቆይቶ ቃለ መጠይቅ ላይ ቻይና ናት ብሏል፤ አሜሪካ ኤፍኢቪን፣ ያን ሰው የሚለውጥ ቫይረስ፣ በድብቅ እየሠራች መሆኗን ስለደረሱበት ነው። እኔ የምከራከረው በዚህ ነው፣ በፊልም አይደለም።

ጢጣ መውጫ፦ ሪቻርድሰን ምስክር ሆነና! ከጦርነቱ 164 ዓመት በኋላ ባሕር መካከል ዘይት ማውጫ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ የኤንክሌቭ፣ የድሮው መንግሥት ቅሪት፣ ሰው። እሱ ራሱ የሰማው ከአባቶቹ ነው። አባቶቹ ደግሞ ጀመርነው ብለው ለልጅ አይነግሩም።

ወረኢሉ፦ ጢጣ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። ቮልቶቹ ሰው ለማዳን ሳይሆን ሰው ላይ ሙከራ ለማድረግ እንደተሠሩ የነገረን ማን ነው? ይኸው ሪቻርድሰን ነው፣ እዚያው ንግግር ላይ። ያችን ቃሉን ሁላችሁም እንደ ወንጌል ይዛችኋታል። ቮልት ቴክን ክፉ ሲያደርግልን እውነተኛ፣ ቻይና ሲል ውሸታም?

የቦርከና ልጅ፦ ይቺ ከባድ ናት።

ፒፕቦይ ደሴ፦ ከባድ አይደለችም። ሙከራው በየቮልቱ ገብተን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ቮልት 12 በሩ እንዳይዘጋ ተደርጎ ተሠርቶ ሰዉ ጉል፣ ጨረር ያበላሸው ፍጡር፣ ሆኖ ቀርቷል። ቮልት 11 ሰዎች በየዓመቱ አንድ ሰው እየመረጡ እንዲሠዉ ተደርገዋል። የሪቻርድሰንን ቃል ቮልቶቹ መስክረውለታል። የቻይናውን ማን መሰከረለት? ኬይንን ደግሞ ተዉት፤ ፎልአውት 2 ሳያልቅ ለቅቆ የወጣ ሰው ነው። ጌም ሠሪው ቤተስዳ 2007 እ.አ.አ. ላይ ፎልአውትን ከመጀመሪያው ባለቤት ከኢንተርፕሌይ ገዝቶታል። ለቅቆ የሄደ ተከራይ ዛሬ የሳሎኑን ነገር ሊነግረን አይችልም።

ወረኢሉ፦ ተከራይ?

ወረኢሉ፦ መሠረቱን የቆፈረውን፣ ድንጋዩን የደረደረውን ሰው «ተከራይ» አልከው? ፒፕቦይ፣ አንተ ይህን ጌም ያወቅኸው 2015 ላይ በፎልአውት 4 ነው፤ እሱ ነውር አይደለም። የቤቱን አናጺ ተከራይ ማለት ግን ነውር ነው። ባይሠራው ኖሮ ስምህን ከየት ታመጣው ነበር? ፒፕቦይ እኮ የመጀመሪያው ጌም ላይ የነበረ ዕቃ ነው።

ፒፕቦይ ደሴ፦ ስሜን ተወው። ባለቤቱ ማን ነው ነው ያልኩት።

ወረኢሉ፦ ተከራይ ነው ያልከው። አልረሳትም።

ቶሳ ማዶ፦ ወደ ነገራችን። እኔ ቻይና ናትም አልል። እኔ የምለው አልተነገረንም ነው። ቮልት ቴክ ነው ለሚሉት ግን ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ቮልት 88። ኩዊንሲ ድንጋይ ማውጫ ሥር ነው፣ ፎልአውት 4 ላይ ገብታችሁበታል፤ ቁፋሮው ሳያልቅ ነው ጦርነቱ የደረሰበት። ሠርግ የደገሰ ሰው ዳሱን ሳይጥል ቀኑን አይቆርጥም። ሁለተኛ፣ የዚያኑ ጠዋት የቮልት ቴክ ሻጭ በር አንኳኩቶ ቅጽ ሲያስሞላህ ነበር። ደቂቃዎች ቀርተውት! ከዚያ ቮልት 111 በር ላይ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ተብሎ ተመለሰ።

ፒፕቦይ ደሴ፦ ሻጩ ተላላኪ ነው። ለተላላኪ ማን ምሥጢር ይነግራል? ቮልት 88 ላይ ግን እሰማሃለሁ፤ መልስ አላዘጋጀሁም።

የቦርከና ልጅ፦ ዋናውን እኔ ላምጣ፤ ፎልአውት ኒው ቬጋስ የሚባለውን ጌም ያልጨረሰ ይህን ክርክር መግባት የለበትም። የቬጋሱ ባለሀብት ሮበርት ሃውስ ጦርነቱ እንደሚመጣ በስሌት ደረሰበት። የከተማዋን መከላከያ የሚያጠናክረውን ፕላቲነም ቺፕ ሰኒቬል ውስጥ አሠራ፣ ጥቅምት 23 እጁ ሊገባ ነበር። በ20 ሰዓት ተሳሳተ፤ ቦምቡ ቀደመው። ቬጋስ ላይ ከተነጣጠሩት 77 ሚሳኤሎች 59ኙን ኮዳቸውን ሰብሮ አከሸፈ፣ 9ኙን በሌዘር መታ፣ 9ኙ በረሃው ላይ ወደቁ። ቺፑ ቢደርስለት አንዱም ባልወደቀ ነበር። እንግዲህ ተከታታዩ ይህንኑ ሃውስን ያ ስብሰባ ላይ አስቀመጠው። ቦምቡን የሚጥሉት ከጎኑ የተቀመጡት ከሆኑ ለምን ያሰላል? ለምን 20 ሰዓት ይሳሳታል? ስልክ ደውሎ አይጠይቃቸውም ነበር?

ፒፕቦይ ደሴ፦ ስብሰባው ላይ ሃውስ ደስ ሳይለው ነው የተቀመጠው። ቀኑን ስላልነገሩት አሰላ። እንዲያውም ስሌቱ ከዚያ የመጣ ይሆናል፤ እንደሚጥሉት ካወቀ መቼ የሚለው ብቻ ነው የቀረው። ቀን ማስላት የሚችል ሰው ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ወላሂ ይቺ ቆንጆ ቲዎሪ ናት። ቲዎሪ ግን ናት። ደግሞ በዚህ ተከታታይ አልምልም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «የሼዲ ሳንድስ ውድቀት 2277» ብሎ የጻፈ ፊልም ነው። ኒው ቬጋስ 2281 ላይ ነው የሚካሄደው፣ ሼዲ ሳንድስን ዋና ከተማው ያደረገው መንግሥት፣ ኤንሲአርም፣ ቆሞ ይሄዳል። ዋና ከተማቸው ከአራት ዓመት በፊት የወደመባቸው ሰዎች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ?

ሰኞ ገበያ፦ የቤተስዳው ቶድ ሃዋርድ ራሱ ሼዲ ሳንድስ ላይ ቦምቡ የወደቀው ከኒው ቬጋስ በኋላ ነው ብሎ አብራርቷል እኮ። ሰሌዳው ላይ ከ2277 ቀጥሎ ቀስት አለ፣ ቀስቱ ወደ ፍንዳታው ይሄዳል። ውድቀቱ የጀመረበት ዓመት ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ቃለ መጠይቅ ካኖን፣ የታሪኩ እውነተኛ አካል፣ ከሆነ የኬይን ቃለ መጠይቅ ለምን አልሆነም?

ወረኢሉ፦ እሱ ተከራይ ነዋ!

ጢጣ መውጫ፦ ሁላችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። የፎልአውት 3 ተጨማሪ ክፍል፣ ማዘርሺፕ ዜታ። የባዕድ ፍጥረታቱ መርከብ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ አለ፤ የአሜሪካ መኮንን ይዘው የኑክሌር ኮድ ሲያስጨንቁት ይሰማል። ለምን ኮድ ፈለጉ?

ቶሳ ማዶ፦ ጢጣ፣ እወድሃለሁ፣ ይቺን ግን አታምጣ። ሰው የሠራውን ጥፋት ከሰማይ ለመጣ ማላከክ ታሪኩን ያፈርሰዋል።

ጢጣ መውጫ፦ ካሴቱ አለ ነው ያልኩት። አልተነገረንም የምትለው አንተ፣ የተነገረህን ደግሞ አትሰማም።

ሰኞ ገበያ፦ ፎልአውት 4 ላይ ያለውን የስለላ ጣቢያ፣ ስዊችቦርድን፣ ማንም አላነሳም! ሌክሲንግተን፣ ዶናት ቤቱ ሥር። የስለላ ድርጅቱ ተርሚናል የዚያን ጠዋት በደቂቃ በደቂቃ መዝግቧል። 9:13 ላይ አራት ተኩሶች ሳይሆኑ አልቀሩም ይላል። 9:26 ላይ ፕሬዚዳንቱ አጸፋ አዘዘ። 9:42 ላይ ፔንሲልቬኒያና ኒው ዮርክ ተመቱ። በየፍርስራሹ የቆሙት ሰዓቶች ሁሉ 9:47 ላይ ናቸው። «አጸፋ» የሚለውን ቃል እዩልኝ።

ወረኢሉ፦ ይኸው! አጸፋ የሚመለሰው ቀድሞ ለመጣ ነው።

ቶሳ ማዶ፦ ለማን አጸፋ? አራት ተኩስ ይላል እንጂ የማን እንደሆነ አይልም። እኔን የሚያስለቅሰኝ ይህ ነው፤ ያን ያህል አስጠግተውን ስሙን ተዉት። ይህ ረስተውት አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦ በነገራችን ላይ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 2070 ዓ.ም. ነው። ደሴ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ47።

የቦርከና ልጅ፦ 10 ከ47። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ የሚመልሱት ኅዳር ነው፣ ጥቅምት ላይ ልዩነታችን ሰባት ሰዓት ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ስምንት ነው።

የቦርከና ልጅ፦ በክረምታቸው ስምንት። በጥቅምት ሰባት። አሜሪካ ወንድም ያለው ሰው ይጠየቅ።

እመት ሐይቅ፦ ጥቅምት ስትሉ ሆዴ ባባ። ጥቅምት 2014 ከደሴ በእግራችን ስንወጣ ማን ቀድሞ ተኮሰ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ልጅ ያዝሽ ወይ ነበር ጥያቄው። ለዚህ ነው ስለ ጃኔይ አጥብቄ የያዝኩት። ልጁን ፈረስ ላይ አፈናጥጦ የሚሮጠውን አባት ሳይ የማየው ጌም አይደለም።

ፒፕቦይ ደሴ፦ እመት፣ አብሽሪ። እኔም በዚያው መንገድ ነው የወጣሁት። ግን እባካችሁ ያንን እዚህ አናምጣው፤ ነገ ወገን ለይተን እንጣላበታለን።

እመት ሐይቅ፦ ወገን አልለየሁም። የሆነብኝን ነው ያልኩት።

ፒፕቦይ ደሴ፦ ልክ ነሽ፣ ይቅርታ። ስለ ተርሚናሉ ግን ልመልስ። ተርሚናሉ የማን ነው? የመንግሥት። በ1965 ወሎ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ የመንግሥት ወረቀት ምን ይል ነበር? የውጭ ጋዜጠኛ ቀርጾ እስኪያወጣው ድረስ ረሃብ የሚል ቃል እንዳይወጣ ሲታፈን ነበር። የወሎ ልጅ ሆኖ የመንግሥት መዝገብ ላይ አልተጻፈም ብሎ የሚከራከር ሰው አይገባኝም። አልተጻፈም ማለት አልሆነም ማለት አይደለም።

ቶሳ ማዶ፦ ይህን በደንብ ነው ያልከው፣ ከልቤ። አያቴም ከዚያ ዘመን ነው የተረፈችው። ግን እሱ የሚያግዘው እኔን ነው፤ መዝገቡ የማይታመን ከሆነ ፋይሉ እንዴት ተዘጋ?

ፒፕቦይ ደሴ፦ ካሜራው መጣና! ስብሰባውን ያሳየን ተከታታዩ ነው፤ ያኔ ካሜራው እንደመጣው።

ቶሳ ማዶ፦ ያኔ ካሜራው ያሳየው የሞተውን ሰው ነው፤ ይህኛው ያሳየው የሚያወሩ ሰዎችን ነው። ቁልፉን የተጫነ እጅ አሳየኝ፣ የማንም ይሁን፣ ያኔ አፌን እዘጋለሁ።

ወረኢሉ፦ አሁንም «ተከራይ» የሚለውን ይቅርታ ጠይቅበት ብያለሁ።

ፒፕቦይ ደሴ፦ እሺ፣ ለኬይን ተከራይ ያልኩትን አነሳለሁ። የትናንቱን ደግሞ አስተካክያለሁ፣ እዩት፦ «ለእኔ ፋይሉ ተዘግቷል።»

ቶሳ ማዶ፦ «ለእኔ» ትናንት የት ነበረች?

ሰኞ ገበያ፦ ሰባት ሰዓት ነው ልዩነቱ፣ አረጋገጥኩ። የቦርከና ልጅ ልክ ነው።

የቦርከና ልጅ፦ ቅዳሜ ፒያሳ ጌም ቤት መብራት ካለ ስዊችቦርድን አብረን እንክፈተው፣ 9:13 ላይ ምን እንደሚል ሁላችንም በዓይናችን እንይ።

ጢጣ መውጫ፦ ዜታንም እንክፈት።

ቶሳ ማዶ፦ ዜታ አይከፈትም።

እመት ሐይቅ፦ ስለ ጃኔይ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።