የጽጌረዳዬን እንቡጦች ክሽክሽ ወርሯቸዋል፤ እስከ እሑድ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። በበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጽጌረዳዎቼ ሊፈነዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አረንጓዴ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት እንቡጦቹን ከአንገታቸው እስከ ጫፋቸው አልብሷቸዋል፤ ቅጠሎቹም ማር እንደፈሰሰባቸው ይጣበቃሉ። ትናንት ቀትር ላይ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና በጥብጬ ብረጭበት ክሽክሹ እንዳለ ቀርቶ የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጠለ። የመጣው ከጎረቤት ጎመን ለመሆኑ አልጠራጠርም። እሑድ የልጄን ሽማግሌዎች ስለምንቀበል በአንድ ጊዜ ጠራርጎ የሚያጠፋ ብርቱ መድኃኒት ጠቁሙኝ።

አትክልት ወዳድ፦ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀላቅለው ይርጩበት። የእኔ በዚሁ ጠፍቶልኛል።

ጡረተኛው መምህር፦ መድኃኒት ከመጠቆማችን በፊት የነፍሳቱን ጠባይ ማወቅ ይገባናል። ክሽክሽ እንደ መርፌ በሰላ አፉ የለጋውን ቀንበጥ ፈሳሽ ይመጥጣል፤ ፈሳሹም ስኳር ስለሚበዛበት ትርፉን መልሶ ያስወጣዋል፤ እጅዎ ላይ የሚጣበቀው ይኸው ሲሆን፣ ሲሰነብት ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። ሴቶቹ ያለ ወንድ ይራባሉ፤ የሚወልዱትም የሚንቀሳቀስ ግልገል ነው፤ ግልገሏ ደግሞ ሙቀቱ ከተስማማት በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ራሷ ወላጅ ትሆናለች። ስለዚህ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የተረፉ ጥቂቶች ቁጥቋጦውን መልሰው ለመሙላት ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ተጫዋች፦ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ልጅቷን እንጂ ጽጌረዳዋን ስላልሆነ አይጨነቁ፤ ዳቦና ጠላ እየጠበቀው በር ላይ ቆሞ ቅጠል የሚያገላብጥ ሽማግሌ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

የጓሮ ገበሬ፦ እኔ ደግሞ ስለ ጎረቤትዎ ጥብቅና እቆማለሁ። የጎመን ክሽክሽ አመድ የሚመስል ሰም የለበሰ ሌላ ዝርያ ስለሆነ ከጎመን ተነሥቶ ጽጌረዳ ላይ አይሰፍርም። ይልቅስ በቅርቡ ማዳበሪያ ጨምረው እንደሆነ ይንገሩን።

ጠያቂ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያምርልኝ ብዬ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እፍኝ ዩሪያ ሰጥቻለሁ። ታዲያ ይህ ከክሽክሹ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የጓሮ ገበሬ፦ ከዩሪያ ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እፍኝ ሙሉ ሲሰጡት ተክሉ ለስላሳና ውሃ የሞላው ቀንበጥ በብዛት ያወጣል፤ ክሽክሽ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ግብዣውን የጠራነው እኛው ነን ማለት ነው።

ችኩል፦ ይህ ሁሉ ንግግር ለእሑድ አያደርስም። ከእርሻ መድኃኒት መደብር ማላታዮን የሚባለውን የነፍሳት መርዝ ይግዙና ዛሬውኑ ይርጩበት።

ጠያቂ፦ እንደዚያው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከሥራቸው ለቡና የምቀጥፈው ጤና አዳም አለ።

የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ከሆለታ፦ እንግዲያው መርዙን ፈጽመው ይተዉት፤ ጤና አዳሙ ወደ ሲኒ የሚገባ ነው። ዱቄት ሳሙናውም ቢሆን ለቅጠል ኃይለኛ ነው፤ በቀትር ፀሐይ መረጨቱ ደግሞ ቃጠሎውን አብሶታል። ነገ ማለዳ በጣም የተወረሩትንና የተጣመሙትን ቀንበጦች ቆርጠው በፌስታል አስረው ይጣሉ፤ ቢያጠቧቸውም አይቃኑም። የቀሩትን እያንዳንዱን እንቡጥ ከሥሩ በሁለት ጣት ደግፈው፣ የውሃውን ጎማ አፍ በአውራ ጣትዎ አጥብበው ከታች ወደ ላይ በኃይል ይጠቡ፤ የወደቀው ክሽክሽ አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። አመሻሽ ላይ አትክልት ወዳድ ያሉትን ሳሙና በመጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይሞክሩና አንድ ቀን ይጠብቁ፤ ካላቃጠለ የቅጠሉን ጀርባ ሳይረሱ ይርጩት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ ከአራትና ከአምስት ቀን በኋላ መድገም ግድ ነው። ቡናማ ሆነው ያበጡና የማይንቀሳቀሱ ክሽክሾች ካዩ ግን አይጨፍልቋቸው፤ በውስጣቸው ሌሎቹን የምታጠፋ ትንሽ ተርብ እያደገች ነው።

አትክልት ወዳድ፦ እኔም ከመጀመሪያው ሳሙና ነው ያልኩት።

የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ከሆለታ፦ አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ግንዱ ላይ ጉንዳን ይመላለሳል?

ጠያቂ፦ በሰልፍ ነው የሚወጣው። እሱ እየበላልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ከሆለታ፦ አይበላውም፤ ያልበዋል። ለጣፋጩ ፈሳሽ ሲል ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቃል። ግንዱን በጨርቅ ጠምጥመው በጨርቁ ላይ ቫዝሊን ይቀቡ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ጠዋት ሦስት ቀንበጥ ቆርጬ የቀሩትን አጠብሁ፤ እንቡጦቹ አረንጓዴ መልካቸው ወጥቷል። ቫዝሊኑንም ቀባሁ፤ ጉንዳኑ ግን አሁንም ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ይታያል።

የጓሮ ገበሬ፦ ግድግዳውን ወይም አጥሩን የነካ ቅርንጫፍ እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለ በዚያ ተሻግሮ ነው የሚገባው።